ድምፁን የሠራው፣ ፈቃዱን የሸጠው



ለዛሬ ምሽት የተሰጠኝ ርዕስ «ፈጠራና ገበያ» የሚል ነበር። በእንዲህ ያለ ርዕስ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይናገር ሊያወራ ይችላል። ስለዚህ አጥብቤዋለሁ፤ የማወራው ስለ ድምፅ ዕቃዎች ነው፤ ስለ ቴፕ፣ ስለ አምፕሊፋየር፣ ስለ ሚክሰር። የፈጠራ ሰው ምን ሊሸጥ እንደሚችልና ምን ከእጁ እንደሚያመልጠው የድምፅ ዕቃን ያህል ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ሲያትልንና አካባቢዋን ደግሞ እኛ በቦይንግና በማይክሮሶፍት ብቻ እናውቃቸው እንጂ፣ የድምፅ ዕቃ የሚወዱ ሰዎች ዘንድ ስማቸው የሚነሳው በሌላ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከቴፕ ልጀምር። አገር ቤት ጥሩ የካሴት ዴክ ባለበት ቤት ያደገ ሰው፣ ከፊቱ ላይ ሆዳቸውን ያጋጠሙ ሁለት «ዲ» ፊደሎች፣ አጠገባቸውም አንዲት ቁልፍ እንደነበረች ያስታውሳል። ቁልፏ ዶልቢ ትባል ነበር። ሲጫኗት ያ የካሴት ሽሽታ ይቀንሳል፤ ግን የጸናጽሉና የማሲንቆው ጥራት አብሮ ይደበዝዛል። ብዙ ሰው «ይቺ ድምፅ ትገድላለች» ብሎ አጥፍቷት ይኖር ነበር። ጥፋቱ የቁልፏ አልነበረም። ዘዴው ሁለት ጊዜ የሚሠራ ነው፦ ሲቀዳ ቀጫጭኖቹንና ደካሞቹን ድምፆች ከፍ አድርጎ ይቀዳል፤ ሲያጫውት በዚያው ልክ ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ያኔ ሽሽታው ወደ 10 ዴሲቤል ያህል አብሮ ይወርዳል። በዘዴው ያልተቀዳ ካሴት ላይ ቁልፏን መጫን ግን ያልተጨመረውን መቀነስ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የኖረ ስለሆነ፣ መጀመሪያ በየትኛው መንገድ እንደተቀዳ የሚያውቅ አልነበረም።

የዘዴው ባለቤት ሬይ ዶልቢ በ1933 የተወለደው ፖርትላንድ ነው፤ ከዚህ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ብትነዱ ትደርሱበታላችሁ። በወጣትነቱ አምፔክስ በተባለው ኩባንያ ለገበያ የበቃውን የመጀመሪያ የቪዲዮ ቴፕ መቅረጫ ከሠሩት መካከል ነበረ። ከዚያ ኬምብሪጅ ገብቶ በ1961 ዶክትሬቱን ያዘ፤ የተባበሩት መንግሥታት አማካሪ ሆኖ ሕንድ ቆየ፤ በ1965 ለንደን ላይ ትንሽ ላቦራቶሪ ከፈተ። መጀመሪያ የሠራው ለቀረጻ ስቱዲዮዎች የሚሆን ውድ ዕቃ ነበር፤ ያንን ራሱ አምርቶ ራሱ ሸጠ። ከ1968 ጀምሮ ለቤት ዕቃ የሚሆነውን ቀለል ያለ ዘዴ ሲያወጣ ግን መንገዱን ቀየረ። ካሴት ዴክ ላምርት አላለም። ዘዴውን ለአምራቾች በፈቃድ ሰጠ፤ ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ትንሽ ሮያሊቲ ተቀበለ። ውሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር አስገባ፦ ዕቃው የሱን መመዘኛ ማሟላት አለበት፣ ካሟላ ያንን የሁለት «ዲ» ምልክት ይለጠፍበታል። ካሴት ዴክ የሚሠሩ የጃፓን ኩባንያዎች በገበያ እርስ በርስ ሲተናነቁ እሱ ከሁሉም ይሰበስብ ነበር። ፓተንት ጊዜው ሲያልቅ ያልቃል፤ ምልክቱ ግን ዛሬም ሲኒማ ቤት ስትገቡ ስክሪኑ ላይ አለ።

ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ሰፈራችን ልምጣ።

ቦብ ካርቨር የሚባል ሰው አለ። እኛ መካከል ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ የአምፕሊፋየር ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ዘንድ ግን እንደ ታላቅ አዝማሪ ነው የሚታወቀው። በ1970 አካባቢ ከሲያትል ሰሜን፣ በኤድመንድስና በሊንዉድ በኩል፣ ፌዝ ሊኒየር የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። «700» የተባለው አምፕሊፋየሩ በእያንዳንዱ ቻናል 350 ዋት ያወጣ ነበር፤ ዋጋው ከ800 ዶላር በታች። በዚያ ዘመን የቤት አምፕሊፋየር ይህን ያህል ጉልበት ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከፌዝ ሊኒየር ሲወጣ በራሱ ስም ካርቨር ኮርፖሬሽን የተባለውን መሠረተ። ከዚያ ያወጣው አንደኛው አምፕሊፋየር ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ ኩብ ሳጥን ነበር፤ ክብደቱ አምስት ኪሎ አይሞላም፣ ጉልበቱ ግን በቻናል ከ200 ዋት በላይ። በዚያን ጊዜ የዚያን ያህል ዋት የሚሰጥ ዕቃ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ነገሩ የኃይል ማቅረቢያው ላይ ነው። ሌሎቹ አምፕሊፋየሩ ሥራ ኖረውም አልኖረው ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ትልቅ ትራንስፎርመር ይጭናሉ። ካርቨር ሙዚቃው በዚያች ቅጽበት የሚፈልገውን ያህል ብቻ እንዲቀርብ አደረገ።

የማልረሳው ግን በ1985 የሆነውን ነው። ስቴሪዮፋይል የተባለው መጽሔት ጸሐፊዎች ጆሯቸው የተሳለ፣ ዋጋቸው የናረ አምፕሊፋየሮችን የሚወዱ ናቸው። ካርቨር «የፈለጋችሁትን ውድ አምፕሊፋየር ምረጡ፤ የኔን ርካሽ አምፕሊፋየር አስተካክዬ ልዩነቱን እስክታጡ አደርሰዋለሁ» አላቸው። መጽሔቱ ወደነበረበት ወደ ኒው ሜክሲኮ ሄደ። ሆቴል ክፍል ውስጥ የመበየጃ ካውያውን ይዞ ተቀመጠ፤ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ቀን ነው።

ያደረገውን ቀረብ ብለን እንየው፤ ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን አምፕሊፋየሮች አንድ ዓይነት ሙዚቃ ይመግባቸዋል። ውጤታቸውን ግን ተጻራሪ አድርጎ ከአንድ ስፒከር ጋር ያገናኛል። ሁለቱ በሁሉ ነገር አንድ ከሆኑ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ስፒከሩ ዝም ይላል። ልዩነት ካላቸው ከስፒከሩ የሚወጣው ልዩነቱ ብቻ ነው። ካርቨር ያንን ቅሪት እየሰማ፣ እዚህ ሬዚስተር እየቀየረ፣ እዚያ ካፓሲተር እየጨመረ፣ ቅሪቱ ከሙዚቃው 70 ዴሲቤል ያህል እስኪወርድ ሠራ። 70 ዴሲቤል መውረድ ማለት የኃይሉ አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ብቻ መቅረት ነው። ከዚያ ጸሐፊዎቹ ተቀመጡና አዳመጡ፤ አዳመጡና መለየት አቃታቸው። ይህንንም ሳይደብቁ ጻፉት። ካርቨር አገሩ ተመልሶ ያንኑ ማስተካከያ ያደረገበትን አምፕሊፋየር ለገበያ አወጣ።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚስቀው በውድ አምፕሊፋየር ወዳጆቹ ላይ ነው። እኔ ግን የማስበው የዚያን ውድ አምፕሊፋየር ቀያሽ ነው። ዓመታት የደከመበትን ድምፅ አንድ ብልህ ሰው በሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ገለበጠው። ምን ሊል ይችል ነበር? ምንም። ሰርኩቱ አልተሰረቀበትም፤ የካርቨር ሰርኩት ፍጹም ሌላ ነው። የተወሰደው ድምፁ ነው፤ ድምፅ ደግሞ በፓተንት አይያዝም። የሚያዘው ያ ድምፅ የሚገኝበት መንገድ ነው፤ ያውም በጽሑፍ ተገልጾ፣ ምን ምን እንደሚያካትት አንድ በአንድ ተዘርዝሮ።

ካርቨር ራሱም የኔ ያለው ነገር ከእጁ ሲያመልጥ አየ፤ ከእሱ ያመለጠው ግን ስሙ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከኩባንያው ወጣ። ኩባንያው ያለ እሱ ካርቨር እንደተባለ ቀጠለ፤ ካርቨር ደግሞ አዲሱን ኩባንያውን ሰንፋየር አለው፤ ስኖሆሚሽ ላይ። እዚያ ጎንና ጎኑ 11 ኢንች የሆነ ሰብዉፈር ሠራ፤ ውስጡ 2,700 ዋት የተባለ አምፕሊፋየር ያለው፤ ቤት የሚያናውጥ። ሰውየው እስኪሸመግል እየፈጠረ ኖረ። ግን በየአሥር ዓመቱ ፋብሪካ፣ ሠራተኛ፣ ባለአክሲዮን፣ ከዚያ ስንብት። ዶልቢ አንዱንም ካሴት ዴክ ሳያመርት የካሴቱን ዘመን በላ። እኔ ብጠየቅ በጨዋታ የካርቨርን፣ በኑሮ የዶልቢን ሕይወት እመርጣለሁ።

ሌላው ጎረቤታችን ግሬግ ማኪ ነው። የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት፣ ሠርግ ወይም ኮንሰርት ላይ ሳውንድ የያዘ ሰው እዚህ አዳራሽ ካለ ስሙን ያውቀዋል። በ1969 ታፕኮ የተባለውን አቋቁሞ ለሙዚቃ ቡድኖች የሚሆን ሚክሰር ሠራ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኤድመንድስ ባለው መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ማኪ ዲዛይንስን ጀመረ፤ በኋላ ዉዲንቪል ገባ። ባለ 16 ቻናሉ፣ ጠንካራው፣ ብትጥሉት የማይሰበረው ሚክሰሩ በ1991 ሲወጣ ስቱዲዮ የመክፈት አቅም ያልነበራቸው ሙዚቀኞች ቤታቸው ውስጥ መቅረጽ ጀመሩ።

ከዚያ ተመሳሳዩ መጣ። በ1997 ማኪ ቤሪንገር የተባለውን የጀርመን ኩባንያ ሚክሰሬን ቀዳብኝ ብሎ እዚሁ ሲያትል ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። አንዱ ክርክሩ የቅጂ መብት ነበር፦ የሰርኩቱ ንድፍ የኔ ሥዕል ነው፣ ሥዕሌን ተጠቅመው ሠሩ። በ1999 ፍርድ ቤቱ ይህን ክርክር አልተቀበለውም። የቅጂ መብት ሥዕሉን ይጠብቃል፤ ሥዕሉን አይቶ ዕቃውን መሥራትን አይከለክልም። ሥዕሉን ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሸጠ ይጠየቃል፤ በሥዕሉ ሚክሰር የሠራ ግን በዚያ ሕግ አይጠየቅም። የሚሠራ ዕቃን የሚጠብቀው ፓተንት ነው። ሚክሰር ደግሞ በአብዛኛው ሁሉም መሐንዲስ የሚያውቃቸው ሰርኩቶች ጥሩ ተደርገው የተሰናዱበት ነው፤ ጥሩ መሰናዶ ብቻውን ፓተንት አያሰጥም። ከቀያሹ ብቃት ዋናው ክፍል ሕግ የማይሸፍነው ነው ማለት ነው። ይህ ፍትሕ ይሁን አይሁን ብዙ ያከራክራል፤ እኔ ፍትሕ ነው ባይ ነኝ፤ ባይሆን ኖሮ ካርቨርም ባልኖረ።

ታዲያ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አንድ ነገር የሠራ ሰው ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ከድምፅ ወጣ ብዬ የአሻንጉሊት ታሪክ ልንገራችሁ።

ሎኒ ጆንሰን ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ በ1949 አላባማ የተወለደ፤ በአየር ኃይልና በናሳ የሠራ። በ1982 ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ በውኃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሲሞክር፣ የሠራት የውኃ መርጫ አፍንጫ ውኃውን ክፍሉን አሻግራ ረጨችው። «ይሄማ መጫወቻ ነው» አለ። መጀመሪያ ራሱ ሊያመርት አሰበ፤ አምራቾች የመጀመሪያዎቹን 1,000 ለመሥራት 200,000 ዶላር ጠየቁት። ተወው። በ1989 ሞዴሉን ሻንጣ ውስጥ ይዞ ፊላዴልፊያ ላራሚ የተባለ አሻንጉሊት ኩባንያ ሄደ፤ ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ አውጥቶ ተኮሰ። ምንም ማብራሪያ አላስፈለገም። ፈቃዱን ሰጣቸው፤ ዕቃው ሱፐር ሶከር ሆነ፤ ልጆቻችሁ በበጋ ጓሮ ውስጥ የሚራጩበት ያ ትልቁ የውኃ ጠመንጃ ማለት ነው። ላራሚን በኋላ ሃስብሮ ገዛው። ከዓመታት በኋላ ጆንሰን ሮያሊቲው በትክክል አልተከፈለኝም ብሎ ወደ ግልግል ሄደ፤ በ2013 ወደ 73 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። ክርክሩ ዕቃውን ማን ፈጠረው በሚል አልነበረም፤ ያንን የካደ የለም። ውሉ የትኞቹን ዕቃዎች ይሸፍናል የሚል ነበር። ስለዚህ ፈቃድ ስትሰጡ መቶኛው ስንት ይሁን ብላችሁ ከመሟገታችሁ በፊት፣ «የሚሸፈነው ዕቃ» የሚለውን አንቀጽ ጠበቃ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። ሁለት ከመቶ ተብሎ ሁሉን የሚሸፍን ውል፣ አምስት ከመቶ ተብሎ አንድ ሞዴል ብቻ ከሚሸፍን ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል አድርጌ ልለፍ። በሌሊት ቴሌቪዥን «ፈጠራ አለዎት? እኛ እንሸጥልዎታለን» የሚሉ አሉ። በ1999 የወጣው የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት ውል ከመፈረሙ በፊት ስንት ደንበኛ እንዳለውና ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ከከፈለው በላይ እንዳተረፈ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ጠይቁት። ቁጥሩን ሲነግራችሁ ፊቱን እዩት።

አሁን ወደ ብዙዎቻችሁ ልምጣ፤ ቀን ለሰው ተቀጥራችሁ፣ ማታ ለራሳችሁ ወደምትሠሩት። ስትቀጠሩ ከፈረማችኋቸው ወረቀቶች አንዱ «የምፈጥረው ሁሉ የአሠሪዬ ነው» ይላል። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም ሳያነበው ይፈርማል። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ግን ከ1979 ጀምሮ ለዚህ ገደብ አለው። በራሳችሁ ጊዜ፣ የአሠሪያችሁን መሣሪያም ሆነ ምሥጢር ሳትጠቀሙ የሠራችሁት ፈጠራ የናንተ ነው፤ ውሉ ተቃራኒውን ቢል ያ የውሉ ክፍል ዋጋ የለውም። ሁለት በር ግን ክፍት ነው፦ ፈጠራው በቀጥታ ከአሠሪው ንግድ ወይም ምርምር ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ ወይም ለአሠሪው ከሠራችሁት ሥራ የመነጨ ከሆነ። አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ የበገና ማጉያ ለፈጠረ ሰው ሕጉ ከጎኑ ነው። የደመና ሶፍትዌር እየጻፈ የደመና ሶፍትዌር ለፈጠረ ሰው ግን መንገዱ ጠባብ ነው። የሥራ ላፕቶፓችሁ ላይ አትሥሩ፤ አንዲት ፋይል ብቻ የነገሩን መልክ ትለውጣለች።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆናችሁ ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ ግን ክፉ አይደለም። ኤድዊን ስዎሚነን የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ተማሪ ሳለ የራዲዮ መቀበያን የሚያቃልል ዘዴ አወጣ፤ ፓተንቶቹን የዋሽንግተን ምርምር ፋውንዴሽን ያዘ። በ2006 ፋውንዴሽኑ ብሉቱዝ ያለበት ዕቃ የሚሸጡ ትልልቅ ኩባንያዎችን ከሰሰ፤ በተከታዩ ዓመት የቺፑ አምራች 15 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ። ጆሯችሁ ላይ ያለችው ማዳመጫ ዘር ማንዘሯ እዚህ ከተማ ሊሆን ይችላል።

የሲያትልን ነገር አንስቶ ቡናውን ሳያነሱ መውረድ አይቻልም፤ እሱም የፈቃድ ታሪክ ነው። በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ መሪነት፣ ይርጋ ጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ዋናው መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ብዙ የማይርቀው ስታርባክስ ደግሞ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን የራሱን ስም ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ኦክስፋም የተባለው የረድኤት ድርጅት ዘመቻ ከፈተ፤ ነገሩ ጦዘ። በሰኔ 2007 ተስማሙ፤ ስታርባክስ የፈቃድ ውል ፈረመ።

በውሉ ውስጥ ሮያሊቲ የለም። ብዙ ወገን ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ተገኘ?» ይላል። እኔ እንደ ሽንፈት አላየውም። ዶልቢ ከገንዘቡ እኩል ያስከበረው ምልክቱን ነው፤ ዕቃው የማንም ይሁን፣ ምልክቱ የሱ ነው። ኢትዮጵያም ያገኘችው ስሙን የሚጠቀም ሁሉ ስሙ የሷ መሆኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ነው። ቡናውን ማንም ሊዘራው ይችላል፤ ጣዕሙንም አንድ ብልህ ሰው እንደ ካርቨር ሊጠጋው ይችላል። ይርጋ ጨፌ ብሎ ለመጻፍ ግን መጠየቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ያ ምልክት ምን ያህል ተሠራበት ብትሉኝ፣ የሚገባውን ያህል አይመስለኝም።

የመጨረሻው ነጥቤ አገር ቤትን ይመለከታል። ፓተንት በድንበር የታጠረ ነው። የአሜሪካ ፓተንት ኖሯችሁ አዲስ አበባ ላይ ካላስመዘገባችሁ፣ እዚያ ዕቃችሁን ማንም ሊሠራው ይችላል፤ ሕገወጥም አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህ እንኳ በአገር ቤት አቆጣጠር ነው)፣ ለፈጠራ ፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ አምስት ዓመት ይጨመርበታል። ከዚህ ሌላ የአስገቢ ፓተንት የሚባል አለው። ውጭ አገር ፓተንት የተሰጠው፣ ጊዜው ያላለፈ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራን አምጥቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው እስከ 10 ዓመት የሚሰጥ መብት ነው። ሕጉ የወጣው ቴክኖሎጂ እንዲገባ ነው፤ ለድሃ አገር ብልህ ሕግ ነው። ያን ፓተንት የሚያወጣው ሰው ግን ፈጣሪው መሆን አይጠበቅበትም። እናንተ እዚህ ሲያትል ጋራዥ ውስጥ ሌሊት ተቀምጣችሁ ያወጣችሁትን የበገና ማጉያ ሌላ ሰው አዲስ አበባ ላይ በስሙ ሊይዘው ይችላል፤ ያውም የናንተን የአሜሪካ ፓተንት አንብቦ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ።